የጠፋ የመኪና ቁልፍ፦ የሚያስወድደው ብረቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ቁጥር ነው

ከፎገራ ሩዝ ወይም ከጉና ግርጌ ድንች ጭኖ የሚመላለስ የአሮጌ አይሱዙ ባለቤት የመኪናውን ቁልፍ ቢጥል ጉዳዩ በግማሽ ቀን ሊያልቅለት ይችላል። በዚያው መንገድ ሰው የሚያመላልስ የአዲስ ሞዴል ሚኒባስ ባለቤት ግን ተመሳሳይ ዕጣ ቢገጥመው ለቀናት ከሥራ ውጭ ሊሆን፣ ወጪውም ብዙ እጥፍ ሊሆንበት ይችላል። ሁለቱ ቁልፎች ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ እምብዛም አይለያዩም። ልዩነቱ ያለው በአንደኛው የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ በተቀበረች አንዲት ትንሽ ቺፕ ላይ ነው።

ነገሩ ለደቡብ ጎንደር ባለንብረቶች ከአዲስ አበባዎቹ ይልቅ የሚከብደው በርቀት ምክንያት ነው። ደብረ ታቦር ከወረታ 42፣ ከባሕር ዳር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ቁልፉ የጠፋበት መኪና የቆመውም ከተማ ውስጥ ላይሆን ይችላል። ከአዲስ ዘመን ወደ ጣራ ገዳም በሚያወጣው አቀበት ወይም በጋይንት የገበያ ዳር ሊሆን ይችላል። መርካቶ ላይ ቁልፍ የጠፋበት ሰው ባለሙያ ወዳለበት በእግሩ ይሄዳል። እዚህ ግን ወይ ባለሙያው ከነመሣሪያው ወደ መኪናው መምጣት፣ ወይ መኪናው ተጭኖ ወደ ባለሙያው መሄድ አለበት። ሁለቱም ገንዘብ ነው።

ተራው ቁልፍ

ባጃጆች፣ አሮጌዎቹ አይሱዙዎችና እንደ ኮሮላ ዲኤክስ ያሉ የቆዩ የቤት መኪናዎች የሚነሱት ጥርስ ባለው ብረት ብቻ ነው። ቁልፉ ሲገባ ጥርሶቹ በውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የብረት ሳህኖች በትክክለኛው ቁመት ያሰልፏቸዋል፤ ያኔ ይዞራል። ትርፍ ቁልፍ ካለ ቀራጩ በማሽን አስጠግቶ ይቀዳዋል። ትርፍ ከሌለም የበሩ ቁልፍ የሚገባበት ብረት ተፈትቶ፣ የሳህኖቹ ቁመት ተነብቦ አዲስ ብረት በሞረድ ሊሞረድ ይችላል። ብዙውን ጊዜ በሩንና ሞተሩን የሚከፍተው ቁልፍ አንድ ዓይነት በመሆኑ ይህ ሥራ ከዚያ ወዲያ አያስኬድም።

የዚህ ዓይነቱ ቁልፍ ጥቅም ርካሽነቱ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል። ለባለቤቱ የቀለለው ነገር ለሌባም ቀላል ነው። የማስነሻውን ሽቦዎች ማገናኘት የቻለ ሰው መኪናውን ይነዳዋል።

ቺፑ ምን ይሠራል?

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ባሠሩበት በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሥራው ምስጢር ብረቱን ማቅለጥና መቅረጽ ነበር። የዛሬው የመኪና ቁልፍ ግን ብረቱ በትክክል ቢቀረጽም ግማሹ ሥራ ይቀረዋል። በማስነሻው ቀዳዳ ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አለ። ቁልፉ ሲገባ ሽቦው ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ይለቃል። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ያለችው ቺፕ ከዚሁ ሞገድ ኃይል ወስዳ ትነቃና መለያ ቁጥሯን ትመልሳለች። የራሷ ባትሪ የላትም። የመኪናው ኮምፒዩተር ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ካወቀው ነዳጅና እሳት ይፈቅዳል። ካላወቀው ሞተሩ ይሽከረከር ይሆናል እንጂ አይነሳም። ይህ ሥርዓት ኢሞቢላይዘር ይባላል።

ብዙዎች ከዚህ ጋር የሚያምታቱት ሪሞቱን ነው። በር የሚከፍተውና የሚዘጋው የሪሞቱ ቁልፍ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ሌላ ክፍል ነው። በመሆኑም የሪሞት ባትሪ ሲደክም በሩ በርቀት አልከፍት ቢልም፣ በሚዞር ቁልፍ የሚነሳ መኪና ሞተሩ እንደ ወትሮው ይነሳል። በተቃራኒው ሪሞቱ በሩን እየከፈተ ሞተሩ እምቢ ካለ፣ ባትሪ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። የመኪናውን ትልቁን ባትሪ ነቅሎ መመለስም ኢሞቢላይዘሩን አያጠፋውም። መዝገቡ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የማይሰረዝ ነው።

የቀደሙት ቺፖች ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ የሚመልሱ ስለነበሩ በቀላል መሣሪያ ይቀዱ ነበር። ኋላ የመጡት ግን ቁጥሩን በግልጽ አይናገሩም። መኪናው በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ጥያቄ ይሰጣቸዋል፤ እነሱም በውስጣቸው በታተመው ምስጢር አስልተው መልሱን ብቻ ይሰጣሉ። የዋጋው ልዩነት አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። ቺፑን መግዛት ብቻ ሳይሆን ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ማስተዋወቅ ስለሚያስፈልግ፣ ቀራጩ ከሞረድና ከማሽን በተጨማሪ የኮምፒዩተር መሣሪያና ሙያ ይጠየቃል።

ለምን ተጫነ?

በአውሮፓ ኅብረት ኢሞቢላይዘር በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነው ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። ሁለት የኔዘርላንድስ ኢኮኖሚስቶች ቆየት ብለው ባወጡት ጥናት፣ ከ1995 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ውስጥ መሣሪያው የመኪና ስርቆትን በ40 በመቶ ያህል መቀነሱን አስልተዋል። የዚህ ተቃራኒ ማስረጃ የታየው በአሜሪካ ነው። ከ2015 ሞዴል መኪናዎች ውስጥ ኢሞቢላይዘር በመደበኛነት የተገጠመላቸው በሌሎች ፋብሪካዎች 96 በመቶ ሲሆኑ፣ በሀዩንዳይና በኪያ ግን 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከ2021 ወዲህ ወጣቶች የእነዚህን መኪናዎች ማስነሻ ሰብረው በስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፍ እያዞሩ ሲሰርቁ ፋብሪካዎቹ ለከፍተኛ ካሣና ወጪ ተዳርገዋል። ቺፗ ስትቀር የሚተርፈው ገንዘብ ኋላ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አይገኝም።

ይህ ማለት ግን ቺፑ አይደፈርም ማለት አይደለም። በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአርኤስኤ ላቦራቶሪ ጋር ሆነው በወቅቱ በስፋት ይሠራበት የነበረን የቁልፍ ቺፕ ምስጢር ሰብረው አሳይተዋል። በ2013 ደግሞ በሌላ ቺፕ ላይ የተደረገ ምርምር እንዳይታተም ቮልስዋገን በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ያሳገደ ሲሆን፣ ጽሑፉ የወጣው በ2015 ነው። የመኪና ቁልፍ ሥርዓት ዕድሜ እንዳለው ሁሉ ጥንካሬውም ከጊዜ ጋር ይደክማል።

ወጪው እንዴት ይሰላል?

እዚህ ላይ ወሳኙ ጥያቄ አንድ ነው፤ ሌላ የሚሠራ ቁልፍ ቀርቷል ወይስ አልቀረም? አንድ ቁልፍ በእጅ ካለ መኪናው የሚያምነው ምስክር አለ። አዲሱ በእሱ አማካይነት ይመዘገባል። ሁሉም ከጠፋ ግን የኮምፒዩተሩን መዝገብ በመሣሪያ ከፍቶ እንደ አዲስ መጀመር፣ በአንዳንድ የቆዩ ሞዴሎችም ኮምፒዩተሩን ፈትቶ የማስታወሻ ክፍሉን ማንበብ ወይም ጨርሶ መቀየር ያስፈልጋል። በዚህ ላይ መሪው የተቆለፈና ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና በገመድ ስለማይጎተት በጭነት መኪና ላይ መጫን ግድ ይሆናል።

ለስሌት ያህል ብቻ የሚከተለውን እንውሰድ። ቁልፍ በእጅ እያለ ትርፍ ማስቀረጽና ማስመዝገብ 8,000 ብር ይፈጃል እንበል። ሁሉም ቁልፍ ከጠፋ ግን ለሥራው 20,000፣ ለማስጫኛ 15,000፣ በአምስት የሥራ ማቆም ቀናት ደግሞ በቀን 2,000 ብር ሂሳብ 10,000 ብር የታጣ ገቢ ይደመራል፤ በጠቅላላው 45,000 ብር። በዚህ ስሌት ባለንብረቱ መኪናውን ይዞ በሚቆይበት ጊዜ ሁሉንም ቁልፍ የማጣት ዕድሉ ከ18 በመቶ በላይ ከሆነ ትርፍ ቁልፍ ማሠራቱ አዋጭ ነው። 18 በመቶ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ ከ40 ባለ አንድ ቁልፍ መኪናዎች የአንዱ ቁልፍ ቢጠፋ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ የሚደረስበት እዚያው ነው። የአንዱ ባለንብረት ዋጋ ከሌላው ስለሚለያይ ቁጥሮቹን እያንዳንዱ በራሱ ገበያ መተካት ይችላል። የማይለወጠው ግን ትልቁ ኪሳራ በቁልፍ ቀራጩ ደረሰኝ ላይ የማይጻፍ መሆኑ ነው። የቆመው መኪና፣ የተበላሸው ድንች፣ ደንበኛው ሌላ ጫኝ መፈለጉ በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይታዩም።

የመኪና ዋጋ መናርም ይህን አባብሶታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በተለይ ያገለገሉ መኪናዎችን አስወድዷል። በመሆኑም አንድ መኪና በብዙ እጅ ማለፉና ረጅም ዓመት ማገልገሉ የተለመደ ሲሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሁለተኛው ቁልፍ መንገድ ላይ ይቀራል።

ገዥ ምን ያጣራ?

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውንና ቦሎውን እንደሚመለከተው ሁሉ ቁልፎቹንም ሊቆጥር ይገባዋል። መኪናው ሲዘጋ በዳሽቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ ቀይ መብራት ካለች አብዛኛውን ጊዜ ኢሞቢላይዘር መኖሩን ታመለክታለች። የቁልፉን የፕላስቲክ እጀታ በምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም በደንብ ሸፍኖ መሞከርም ይቻላል። ሞተሩ እምቢ ካለና መጠቅለያው ሲነሳ ከተነሳ ቁልፉ ቺፕ አለው። ሻጩ የሚያስረክበው ሁለተኛ ቁልፍ በሩን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ማስነሳቱ በዚያው መታየት አለበት። ከአዲስ መኪና ጋር የሚመጣው የቁልፍ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ሰሌዳ ካለም በመኪናው ውስጥ ሳይሆን ከሊብሬው ጋር በቤት መቀመጥ ይኖርበታል።

ሌላው ጉዳይ እምነት ነው። ቁልፍ የሚያስመዘግብ ባለሙያ ለራሱ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ማስመዝገብም ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በብዙ መኪናዎች መሣሪያው ስንት ቁልፍ እንደተመዘገበ ያሳያል። ባለንብረቱ ሥራው ሲያልቅ ቁጥሩን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ካሉት ጋር ማመሳከር ይችላል። የጠፋው ቁልፍም ከመዝገቡ እንዲሰረዝ መጠየቅ አለበት፤ ያለዚያ ያገኘው ሰው መኪናውን ያስነሳዋል። አዲሱ ቁልፍ ከአሮጌው ቺፕ የተቀዳ ግልባጭ ከሆነ ግን መኪናው ሁለቱን አይለያቸውም፤ አንዱን መሰረዝ ሁለቱንም መግደል ነው። ርካሹ ቅጂ ይህ ጉድለት አለበት። ከዚህም በላይ ሊብሬ፣ የሌላ ሰው መኪና ከሆነም ውክልና ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚሠራ ሰው ነገ የሌላውንም እንደዚሁ እንደሚሠራ ማሰብ ተገቢ ነው።

ያለ ቀዳዳ የሚነሱት

መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቁጥር ጨምሯል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ቁልፍ የሚገባበት ቀዳዳ የላቸውም። ቁልፉ በኪስ እያለ መኪናው ይጠራዋል፤ እሱም በሬዲዮ ይመልሳል። በዚህ ዓይነቱ ቁልፍ ውስጥ ባትሪ ሲያልቅ መኪናው አይሰማውም። ያን ጊዜ ቁልፉን ወደ ማስነሻው ማስጠጋት ወይም መመሪያው በሚያሳየው ስፍራ ማስቀመጥ ብዙውን ጊዜ ያስነሳዋል። ብርድ የባትሪን አቅም ስለሚያዳክም፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ማለዳ ላይ እምቢ ያለ ቁልፍ መጀመሪያ ባትሪው ቢታይ ይበጃል። ባትሪው ከሰዓት ሠሪ ዘንድ የሚገኝ ዓይነት ጠፍጣፋ ነው።

የዚህ ቁልፍ ድክመት ደግሞ ሌላ ነው። በ2011 የዙሪክ ተመራማሪዎች የቁልፉንና የመኪናውን ንግግር በሁለት መሣሪያ ተቀባብለው በማስተላለፍ፣ ቁልፉ ቤት ውስጥ እያለ መኪናውን ማስነሳት እንደሚቻል በሞከሯቸው 10 ሞዴሎች ሁሉ አረጋግጠዋል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ሌሊት ቁልፉን ክዳኑ በሚገጥም የቆርቆሮ ሣጥን ማኖር ሞገዱን ያዳክማል።

ቁልፍ ከጠፋ በኋላ የሚደረገው ቅደም ተከተልም ይታወቃል። በቅድሚያ ለፖሊስ ማመልከት፣ ማስነሻውን አለመስበር፣ የመኪናውን ሞዴል፣ የተሠራበትን ዘመንና የሻንሲ ቁጥር ይዞ ቢያንስ ከሁለት ባለሙያዎች ዋጋ መጠየቅ፣ ባለሙያው ወደ መኪናው ቢመጣ የሚያስከፍለውን ከማስጫኛው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ሙሉ ኢንሹራንስ የገባ ሰው ውሉ የቁልፍ ወጪን ይሸፍን እንደሆነ ቀድሞ ማንበብ አለበት። ከእነዚህ ሁሉ የሚቀለው ግን ዛሬ፣ ቁልፉ በእጅ እያለ፣ ሁለተኛውን አሠርቶ ቤት ማስቀመጥ ነው።