የበጎ ፈቃድ ክበቦች ዜና በፖስታ አይገዛም

ማክሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ተላላኪ ወደ ዝግጅት ክፍሉ ገብቶ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያስረክባል። «ጉዳዩ፦ የሚዲያ ሽፋን እንዲሰጠን ስለመጠየቅ» ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ ክበቡ መቼ እንደተቋቋመ፣ ራዕዩና ዓላማው፣ የሥራ አመራሩ ስም ከነማዕረጉ ተዘርዝሯል። የደም ልገሳው የሚካሄድበት ቀን የሚገኘው ግን መጨረሻው መስመር ላይ ነው። ቀኑም ትናንት ሰኞ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለጋዜጣና ለሬዲዮ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ጉዳዩን ወደ ገበያ ገጻችን ያመጣነው የክበቦቹ ኪስ በአብዛኛው ነጋዴው በመሆኑ ነው። ነገሩም የቆየ ነው። ሮታሪን እ.ኤ.አ. በ1905 በቺካጎ የመሠረቱት አራት ሰዎች አንድ ጠበቃ፣ አንድ የከሰል ነጋዴ፣ አንድ የማዕድን መሐንዲስና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዛሬም ቲሸርቱን የሚያሳትመው፣ ድንኳኑን የሚያስተክለው፣ ውኃና ብስኩቱን የሚያቀርበው የሰፈሩ ባለሱቅ ነው። ስለዚህ ወጪው ምን እንዳስገኘ መጠየቅ መብቱ ነው።

ቀኑ ያለፈበት ሸቀጥ

የደም ልገሳን ምሳሌ እናድርግ። ደም በፋብሪካ አይመረትም። የሚለገስ እንጂ የሚሸጥ እንዳይሆንም የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ አገሮችን ሲያሳስብ ቆይቷል። ከዚህም በላይ ቶሎ የሚበላሽ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ቢበዛ 42 ቀን ይቆያል፤ ደም ለማርጋት የሚያገለግለው ፕሌትሌት ግን ከ5 ቀን በላይ እምብዛም አይቆይም። ቲማቲም የሚነግድ ሰው ይህን ስሌት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ዛሬ የሞላው መደርደሪያ በሳምንቱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ባዶ ሲሆን ጭንቁ የሚወድቀው በሆስፒታል ደጅ ለጋሽ ዘመድ በሚያፈላልግ ቤተሰብ ላይ ነው። ለዚህ ነው የክበቡ ወሬ በጊዜው ለሕዝብ ጆሮ መድረሱ ከክብር ጉዳይ በላይ የሚሆነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚቀረው ግን ሹመት ሳይሆን ደም ነው።

ማስታወቂያ ሌላ፣ ዜና ሌላ

ብዙ ክበቦች የሚሳሳቱት ሁለቱን ሲያደባልቁ ነው። ማስታወቂያ ቦታውና ደቂቃው ይገዛል፤ የከፈለው ሰው የፈለገውን ያስነግራል። ዜና ግን አዘጋጁ ለአንባቢው ይጠቅማል ብሎ ሲያምንበት የሚወጣ ነው። አዋጅ ቁጥር 759/2004ም ማስታወቂያ ከዜናና ከሌላ ዝግጅት በግልጽ ተለይቶ እንዲቀርብ ያዛል።

በመካከሉ ግን አንድ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማይጽፈው ነገር አለ። እርሱም ፖስታው ነው። ዝግጅቱ ሲያልቅ «ለትራንስፖርት» እየተባለ ለጋዜጠኛው ይታደላል። ጥፋቱ የሰጪም የተቀባይም ነው። የሚገኘው ትርፍ ሲታይ ደግሞ ኪሳራ ሆኖ ይገኛል። በፖስታ የመጣ ዜና የክብር እንግዳውን ስም፣ የንግግሩን ርዝመትና የሪባኑን መቆረጥ ይዘረዝራል፤ ቀጣዩ ልገሳ የትና መቼ እንደሆነ ግን አይነግርም። ነጋዴ አንባቢ የተገዛ ወሬ ከሩቅ ስለሚሸተው ገጹን ገልጦ ያልፋል። ክበቡ ገንዘቡንም እምነቱንም ከሰረ ማለት ነው።

በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ከሆነ ሌላም ጥንቃቄ አለ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ስለዚህ አዳራሽ ከመከራየቱና ኮፍያ ከማሳተሙ በፊት የትኛው ወጪ በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ ከሒሳብ ሹሙ ጋር መመካከር ይበጃል።

ግማሽ ገጽ ይበቃል

ታዲያ ምን ይደረግ? በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጡ ነጋዴዎች አንድ የደም ለጋሾች ክበብ አቋቋሙ እንበል። ለዝግጅት ክፍል የሚልኩት ጽሑፍ ከግማሽ ገጽ አይበልጥ። የመጀመሪያው መስመር «የሶማሌ ተራ ነጋዴዎች በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሱቃቸውን በየተራ እየዘጉ ደም ይለግሳሉ» ቢል ዜናው ተገኘ። ራዕይና ዓላማ መጨረሻ ላይ ይድረሱ፤ ባይደርሱም ጉዳት የለውም።

ቀጥሎ አንባቢውን የሚጠቅመው ይግባ። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ እንደሚችል ይጻፍ። ከዚያ የአንድ ሰው ስልክ፤ ሲደወል የሚነሳ ስልክ። ደም ተሰጥቶት የዳነ የሰፈር ሰው ካለና በፈቃዱ ታሪኩን ልንገር ካለ፣ ከአሥር ባለሥልጣን ንግግር የርሱ አንድ ቃል ይበልጣል።

ጊዜው ከሁሉም ይቀድማል። ሳምንታዊ ጋዜጣ ገጾቹን የሚዘጋው ከመውጫው ቀን አስቀድሞ ስለሆነ ጽሑፉ ቢያንስ ከዐሥር ቀን በፊት ይድረስ። ሬዲዮ ቅርብ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ የግሉ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የከተማው ባለሱቅና ባለታክሲ ወሬውን እየሠራ ይሰማል። ለሬዲዮ በዋዜማው ደግሞ ደውሎ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ገበያውንም ማየት ነው። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 7 ይከበራል፤ የደም ዓይነቶችን ያገኘው የካርል ላንድስታይነር የልደት ቀን ነው። በዚያ ሰሞን አዘጋጁ ራሱ ወሬ ይፈልጋል። ወቅቱም ተማሪዎች ለዕረፍት የሚበተኑበት የክረምት ዋዜማ ስለሆነ የነጋዴው ደም ይበልጥ የሚያስፈልግበት ነው።

ትርፉ በምን ይለካል?

የክበብ ሰዎች የወጣውን ጋዜጣ ቆርጠው በመስታወት ያሰቅላሉ። ደስ ይላል፤ ነገር ግን ሒሳብ አይደለም። ሒሳቡ ድንኳኑ በር ላይ ነው። ለመለገስ የመጣውን ሁሉ «ከየት ሰሙ?» ብሎ በአንድ ደብተር መመዝገብ ብቻ ነው። በወሩ መጨረሻ የትኛው ሬዲዮ፣ የትኛው ጋዜጣ፣ የትኛው የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ማስታወቂያ ሰው እንዳመጣ ደብተሩ ይናገራል።

ቁጥሩ ሲነገርም እውነቱ ይነገር። 200 ሰው ተጠብቆ 60 ከመጣ 60 ይባል፤ የደም ባንኩ መኪና ዘግይቶ ሰው ተመልሶ እንደሆነም ክበቡ ራሱ ይናገር። ዛሬ ቁጥር የሸቀለን ክበብ አዘጋጁ ነገ አያምነውም፤ ገንዘብ ያዋጣው ነጋዴም እንደዚያው። በዱቤ የሚሠራ ሰው እንደሚያውቀው እምነት አንዴ ከወደቀ ፖስታ አያነሣውም።