የትምህርት ቤት ደረጃ፣ የፈተና ውጤትና የሐብሩ ተማሪዎች

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤቶች ተጠያቂነት አንዱ መለኪያ ኢንስፔክሽን ሲሆን፣ ይህም ግብዓትን (ሕንፃን፣ መጽሐፍን፣ የመምህራንን ብቃት)፣ ሂደትን (ማስተማርንና አመራርን) እና የተማሪዎችን ውጤት መዝኖ ትምህርት ቤቱን ከ1 እስከ 4 ባሉት ደረጃዎች ይመድባል፤ ስታንዳርዱን አሟልቷል የሚባለውም ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ነው። ሌላው መለኪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው፤ በ2014 የትምህርት ዘመን ፈተናው ኩረጃን ለመግታት በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ደረሱ።

ይሁንና በሰሜን ወሎ የሐብሩ ወረዳ ሲሪንቃና መርሳ፣ እንዲሁም አጎራባቿ ወልዲያ፣ በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ተይዘው የቆዩ በመሆናቸው፣ የእነዚህ አካባቢዎች ተማሪዎች ሳይማሩ ያሳለፏቸው ወራት ከግምት ሳይገቡ ውጤታቸውን ጦርነት ካልደረሰባቸው ከተሞች ውጤት ጋር ማነጻጸር ፍትሐዊ አይደለም። «ትምህርት ለትውልድ» በተሰኘው ንቅናቄ ኅብረተሰቡ የሚያዋጣው ገንዘብና ጉልበት የትምህርት ቤቶችን ሕንፃ ያድሳል፤ ውጤትን የሚያሻሽለው ግን በዋናነት በክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራ ነው። ለምሳሌ የሒሳብ መምህሩ የፈተና ወረቀቱን ጥያቄ በጥያቄ ሲመረምር አብዛኞቹ ተማሪዎች የሳቱት ክፍልፋይ የሚጠይቀውን ከሆነ፣ ክፍተቱ የተፈጠረው በታችኛዎቹ ክፍሎች ስለሆነ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ከማስጠናት ይልቅ ከዚያው መጀመር ይኖርበታል።