የአሮጌ ወርቅ ፊት የውስጡን አይነግርም

የአክሱም የወርቅ ሳንቲም ፎቶ በለጠፍኩ ቁጥር «ይሄ ናስ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ቀለሙን አይቶ ነው። ግን ወርቅ ከመሬት ሲወጣም ብር ተቀላቅሎት ነው፤ አንጥረኛው ደግሞ መዳብ ይጨምርበታል። ብሩ ሲበዛ ይገረጣል፣ መዳቡ ሲበዛ ይቀላል። ዛሬም 18 ካራት የምንለው ከመቶ 75 እጁ ብቻ ወርቅ ነው።

በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ እንዱቢስ ያስመታው ሳንቲም ከመቶ ከ90 እጅ በላይ ወርቅ ነበር፤ ሚዛኑም 2.7 ግራም ገደማ። በኢዛና ዘመን ሚዛኑ ወደ 1.6 ግራም ወረደ። ከዚያ በኋላ በነገሡት ነገሥታት ሳንቲሞች ውስጥ ወርቁ ራሱ እየሳሳ ሄደ።

ይህ ሳንቲሙ ሳይጫር ነው የታወቀው። አንድሩ ኦዲ እና ስቱዋርት መንሮ-ሄይ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ሳንቲሞቹን አየር ላይ መዝነው፣ ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ መዘኗቸው፤ ከሁለቱ ሚዛኖች ልዩነት የሳንቲሙ መጠን ይታወቃል። አንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ብር 10.5፣ መዳብ 9 ገደማ። ስለዚህ ቅልቅሉ በበዛ ቁጥር ሳንቲሙ ለመጠኑ እየቀለለ ይመጣል።

ፊቱን አይቶ መፍረድ የሚያሳስተው ለምንድን ነው? መሬት ውስጥ መቶ ዓመታት ሲቀመጥ እርጥበትና ጨው የላዩን መዳብና ጥቂት ብር ይበላሉ፤ ወርቁን ግን አይነኩትም። ከላይ በወርቅ የበለጸገ ስስ ሽፋን ይቀራል። የኤክስሬይ መመርመሪያም ይህንኑ ቆዳ ብቻ አንብቦ ከእውነቱ የበለጠ ወርቅ ሊያሳይ ይችላል። እዚህ ጉለሌ፣ ቀጨኔ ያለ አንጥረኛ ይህን በእጁ ያውቀዋል፦ ቅልቅሉን ሲያግለው መዳቡ ይጠቁራል፣ አሲድ ውስጥ ሲከተው ጥቁሩ ይለቅና ፊቱ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ሊገዛ ሲፈትን መጀመሪያ በሞረድ ላዩን ይከፍተዋል።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአክሱሞች ሆን ብሎ መለበጥ ነው። በብርና በመዳብ ሳንቲሞቻቸው ላይ አንዳንዴ የንጉሡን ራስ ዙሪያ ብቻ፣ አንዳንዴ የመስቀሉን መሐል ብቻ በወርቅ ለበጡ። በጥንቱ ዓለም ሳንቲም ላይ ይህን ልማድ ያደረገ ሌላ መንግሥት አይታወቅም። ያ ልባጥ እጅግ ስስ ስለሆነ በአመድ ወይም በሎሚ ከታሸ ሊጠፋ ይችላል።

እባካችሁ፣ ከእርሻ የወጣ ሳንቲም ወይም ከአያት የወረሳችሁት መስቀል ካለ አትፈግፍጉት፣ አሲድም አታስነኩት። ከመሬት ያገኛችሁትን ጥንታዊ ዕቃ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለቅርስ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው የባህል ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።