በቅባት የማይጠፋው ሽፍታ

ጎን፣ መቀመጫ ወይም ጭን ላይ የወጣ ምልክት ቅባት ሲቀቡት ይደበዝዛል፣ ሲያቆሙ ይመለሳል። አንዱ ቋቁቻ ነው ይላል፣ ሌላው ጭርት፣ ሌላው ችፌ። አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው። ጥቂት ሰዎች ላይ ግን የቆዳ ሊምፎማ ይሆናል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ ቲ ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቆዳ ውስጥ ሰፍረው ያለ ልክ ሲባዙ የሚመጣ ካንሰር ነው።

በብዛት የሚታየው ዓይነት ማይኮሲስ ፈንጎይደስ ይባላል። ፈንገስ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ሉዊ አሊበር እ.ኤ.አ. በ1806 ገልጾታል፤ ዛሬም ቢሆን ሽፍታው ከወጣ በኋላ በሽታው እስኪታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት የሚያሳዩት ቀይ ሽፍታ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች፣ ነጣ ያለ ቦታ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ለምጽ ወይም ሥጋ ደዌ ይመስላል። ለምጽ ፍጹም ነጭ ነው፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይደነዝዛል። ይህኛው ደብዘዝ ያለ ነው፣ ስሜቱ አይጠፋም፣ ሊያሳክክም ይችላል።

በዓይን ብቻ ግን አይቆረጥም። ከቆዳው ትንሽ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። መጀመሪያ ላይ የታመሙት ሴሎች ጥቂት ስለሆኑ የአንድ ናሙና ውጤት «ችፌ ነው» ቢልም ጉዳዩ አልተዘጋም፤ ሽፍታው ከቆየ ከሌላ ቦታ ደግሞ መውሰድ ያስፈልጋል። የስቴሮይድ ቅባት ምልክቱን ስለሚሸፍን ሐኪሙ ከምርመራው በፊት ለተወሰነ ጊዜ ሊያስቆመው ይችላል።

ካንሰር የሚለው ቃል ያስደነግጣል። ሆኖም ሽፍታው ከሰውነት ቆዳ ከ10 በመቶ በታች የያዘ ከሆነ (አንድ መዳፍ ከነጣቶቹ 1 በመቶ ያህል ነው) አብዛኞቹ ሕሙማን እንደ እኩዮቻቸው ዕድሜ ይኖራሉ። ሕክምናውም ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት ወይም በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ ለወራት የሚሰጥ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ገና ከጅምሩ ከባድ ኬሞቴራፒና ጨረር መስጠት ቀለል ባለ ሕክምና ከመጀመር ይልቅ ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳይቷል። ዕባጭ ሲወጣ ወይም በሽታው ወደ ንፍፊትና ወደ ደም ሲዛመት ግን ጨረርና ጠንካራ መድኃኒቶች ይገባሉ። ቆዳው ሲቆስል በባክቴሪያ መመረዝ ለሕይወት ስለሚያሰጋ ትኩሳት ወይም መግል ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ለወራት የቆየ፣ ፀሐይ በማያገኘው ገላ ላይ ያለ ሽፍታ ካለብዎ ሌላ ቅባት ከመግዛትዎ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ናሙና መውሰድ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ።