በቢስክሌት ላይ ሳለ በኦቶሞቢል ስለ ተገጨ ሰው

በባሕር ዳር ከተማ ቢስክሌት የተማሪው፥ የመምህሩና የሠራተኛው እግር ነው። በመንገዱ ኦቶሞቢልም ስለሚመላለስበት፥ ባለቢስክሌቱ ተገጭቶ መውደቁ እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አዘውትረን አይተነዋል። የወደቀው ሰው ትቢያውን አራግፎ ይነሣል፤ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ አላፊ አግዳሚው ይሰበሰባል፤ ሽማግሌ ይገኛል፤ ሾፌሩም ለቢስክሌቱ ማሠሪያ ጥቂት ብር ሰጥቶ፥ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ተባብለው ይለያያሉ።

ዕርቅ መልካም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ራሱን የተመታ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት የታመነ አይደለም። የራስ ቅል በተሰነጠቀ ጊዜ ከበታቹ ያለው የደም ሥር ተቀድዶ፥ ደሙ በአጥንቱና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ቀስ በቀስ ሊጠራቀም ይችላል። ሰውዬው በዚህ ጊዜ ይናገራል፥ ይራመዳል፥ ሻይም ይጠጣል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ግን ራስ ምታቱ ይጸናበታል፥ ያስታውከዋል፥ እንቅልፍ ይከብደዋል፥ አንደኛው የዓይኑ ብሌን ከሌላው ይልቅ ይሰፋል። ቤተ ሰቦቹም «ደክሞታል፥ ይተኛ» ይላሉ። እኛም በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን መምህሮቻችን አጥብቀው ያስጠነቀቁን፥ ይህንኑ «ደኅና ነኝ» የሚለውን ቃል እንዳናምን ነበር። ስለዚህ ከሽማግሌው አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

ሐኪሙ የሚጽፈው ማስረጃ ለካሣውም መሠረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፥ የኦቶሞቢል ባለቤት፥ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆን እንኳ፥ ኦቶሞቢሉ ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ተበዳዩ የባለቤቱን ቸልተኛነት እንዲያስረዳ አይገደድም። ባለቤቱ መኪናው ተሰርቆበት እንደ ነበረ ካስረዳ ይድናል፤ ተበዳዩም ራሱ አጥፍቶ፥ ለምሳሌ በጨለማ ያለ መብራት ሲነዳ ተገጭቶ እንደ ሆነ፥ ካሣው ሊቀነስበት ይችላል። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ይኸው ሕግ ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሣ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ ገንዘቡ በዚያ ዘመን ክብደት ነበረው፥ ዛሬ ግን ለሐዘንተኛ ቤተ ሰብ ይህ ነው ብሎ መንገር ያሳፍራል።

ገጪው ቢሸሽስ? አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንነቱ ባልታወቀ ተሽከርካሪ የተጎዳ ሰው ከመድን ፈንድ ካሣ እንዲያገኝ ደንግጓል፤ የጤና ድርጅቶችም ለተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጡ ያዛል። ሆኖም የሰሌዳው ቁጥር ከታወቀ መንገዱ ያጥራልና፥ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ቁጥሩን ቶሎ አንብቦ በእጅ መዳፍ ላይ እንኳ መጻፍን ቢያለማምዱ እንወዳለን።