አዲስ ጸሐፊን ዊኪፒዲያ ላይ ስለማስጀመር



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከጀመዓችን ጥቂት ልጆች ዊኪፒዲያ ላይ መጻፍ ከጀመርን ሰንብተናል። «እኔንም አስጀምሩኝ» የሚለን ሰው እየበዛ ስለመጣ፣ አንድ አዲስ ሰው ከጎናችን ሲቀመጥ ምን እንደምናደርግና ለምን እንደምናደርገው ለማስረዳት ይህን ጽፈናል። ጽሑፉ ለጀማሪው ብቻ ሳይሆን ይበልጡን ለሚያስጀምረው ሰው ነው።

ዊኪፒዲያ በ2001 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ፣ ማንም ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ፣ የዐረብኛው ከ1 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊ ያስፈልጋል። ችግሩ ጀማሪ አለመገኘቱ ሳይሆን የተገኘው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት መጥፋቱ ነው።

ይህ የኛ ካምፓስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ንቁ ጸሐፊዎች በብዛት የታዩት በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወርዷል። ጉዳዩን ያጠኑ ተመራማሪዎች ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ የአዳዲስ ሰዎች ጽሑፍ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጥ መሰረዙ ነው። ዊኪፒዲያ ራሱ «አዲስ መጪዎችን አትንከሱ» የሚል መመሪያ አለው።

ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ያጣ ጀማሪ ሁሉ ደግሞ አይጠፋም፤ አንዳንዱ ብቻውን ይቀጥላል። በ2020 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ሰዎች በሚናገሩት በስኮትስ ቋንቋ የተዘጋጀው ዊኪፒዲያ ጉድ ወጣ። ቋንቋውን የማይችል አንድ ልጅ ገና በልጅነቱ ጀምሮ ለዓመታት ከ20 ሺህ በላይ ጽሑፎችን ጽፎበት ተገኘ። በክፋት አልነበረም፤ እየረዳ መስሎት ነው። በነዚያ ሁሉ ዓመታት ቋንቋውን የሚያውቅ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ቢያርመው ኖሮ እዚያ አይደረስም ነበር። አማርኛውን ለትርጉም ማሽን ሰጥተው የወጣላቸውን ሳያነቡ የሚለጥፉ ልጆችን ስናይ ይህን ታሪክ እንነግራቸዋለን።

የመጀመሪያው ቀን ደንባችን እጃችንን ኪቦርዱ ላይ አለማሳረፍ ነው። ቢዘገይም እሱ ራሱ ይጻፍ። ነጥቀን በሁለት ደቂቃ ብንጨርስለት የሚያየው የኛን ፍጥነት ብቻ ነው። የሚጽፈውም መጀመሪያ በሙከራ ገጹ ላይ ነው፤ አካውንት ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ የራሱ ገጽ ሊኖረው ይችላል። መድረሳ ለቀራ ሰው ይህ ገጽ ሉህ ነው ብንለው ወዲያው ይገባዋል። ሉህ ላይ ይጻፋል፣ ይነበባል፣ ይታጠባል፣ እንደገና ይጻፋል።

ከዚያ ወደ እውነተኛ ገጽ ሲሻገር ትንሽ ነገር ያርም፦ የፊደል ግድፈት፣ የጎደለ ዓመት። ምን እንደለወጠ በአጭሩ የሚጻፍበትን ሳጥን እንዳይዘል እንነግረዋለን። የገጹን የለውጥ ታሪክም ከፍተን እናሳየዋለን። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ሁሉ እዚያ ተቀምጧል፤ የተሰረዘ መስመር መመለስ ይቻላል። ይህን ያየ ሰው «አበላሸው ይሆን» የሚለው ፍርሃቱ ይቀላል።

ከሁሉም የሚከብደው የምንጭ ነገር ነው። ከወሎ የመጣ አንድ ተማሪ ስለ ጀማ ንጉሥ መጻፍ ፈለገ እንበል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ሸይኽ ሙሐመድ ሻፊ ስላቋቋሙት፣ ደቡብ ወሎ ስላለው የታወቀ የዒልምና የመውሊድ ስፍራ። የሚያውቀውን ሁሉ የሰማው ከአያቱ ነው፤ አያቱም ከአባታቸው። ልጁ «ይኸው ኢስናድ አለኝ» ቢል አንፈርድበትም። ዊኪፒዲያ ግን ይህን አይቀበልም። ጅማ ወይም ጂዳ ሆኖ ገጹን የሚያነብ ሰው አያቱ ዘንድ ሄዶ ማጣራት አይችልምና። የሚቀበለው የታተመ፣ ሌላ ሰው አግኝቶ ሊከፍተው የሚችል ምንጭ ነው።

ብዙ አስጀማሪ እዚህ ላይ «ምንጭ የለህም» ብሎ ያልፋል። ልጁ ጆሮ የሚደርሰው ግን «አያትህ ዋሽተዋል» የሚል ነው፤ በዚያው ይቀራል። እኛ ሁለቱን ነገሮች ለይተን እናስረዳለን። አንድ ነገር እውነት መሆኑ ሌላ፣ ለማያውቅህ ሰው ሊጣራ መቻሉ ሌላ ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ስለ ራዊው ማንነት ሲጠይቁ ሰውን ሁሉ ውሸታም አድርገው አልነበረም፤ ከነሱ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚይዘው እንዲያገኝ ነው።

ቀጥለን ቤተ መጻሕፍት ይዘነው እንሄዳለን። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ (አላህ ይዘንላቸው) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ እስልምና በእንግሊዝኛ የጻፉት መጽሐፍ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ከዊኪፒዲያ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው። እሳቸው የሠሩት ልጁ ሊሠራ ያሰበውን ነው፦ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎችንና የሽማግሌዎችን ቃል ሰብስበው፣ አመሳክረው አሳተሙት። አሁን ገጽ ጠቅሰን ልንጽፍበት እንችላለን። የአያትየው ቃልስ? በስልክ ይቀዳ፤ የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ ይጻፍበትና ይቀመጥ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ጓደኞቻችን እንዲህ ያለ ነገር ይፈልጋሉ። ተመራማሪ ሠርቶበት ሲታተም ለዊኪፒዲያም ምንጭ ይሆናል። ይህ ዓመታት ይፈጅ ይሆናል፤ አያትየው ግን ዓመታት ላይጠብቁን ይችላሉ፤ ስለዚህ ቅጂው ለሚቀጥለው ዕረፍት ባይባል እንመርጣለን።

ሌላው ጀማሪን የሚያስደነግጠው የሰለዋት ጉዳይ ነው። «ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ)» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ሰው መጥቶ «ሙሐመድ» ብሎ ያስተካክለዋል። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ የአጻጻፍ መመሪያ ሰለዋቱ በጽሑፉ ውስጥ አይገባም ይላል፤ ገጹ ለሁሉም አንባቢ በአንድ ድምፅ የሚናገር ስለሆነ ነው። ጀማሪው ይህን እንደ ስድብ ከመቁጠሩ በፊት ቀድመን እንነግረዋለን። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል በእጃቸው በጻፉት ላይ ሰለዋቱ ሳይጻፍ መገኘቱን፣ በቃላቸው ግን ያወርዱ እንደነበር እንደደረሳቸው ኸጢብ አል-ባግዳዲ ተናግረዋል። ኢብኑ ሰላሕ ምክንያቱን ሲገምቱ፣ ከቀደመው ራዊ ባልተላለፈ ነገር ላይ ላለመጨመር ተጠንቅቀው ሊሆን ይችላል ይላሉ። ኢብኑ ሰላሕ ራሳቸው ግን መጻፉን አጥብቀው የሚመክሩ ናቸው፤ ስለዚህ ይህን ያነሳነው እንደ ፈትዋ አይደለም። እኛ እየጻፍን በምላሳችን እንላለን። ልቡ ያልረጋ ኡስታዙን ይጠይቅ፤ ስለ መስጂድ ኪነ ሕንፃ ወይም ስለ ወንዝና ድልድይ መጻፍም ይችላል።

የአማርኛው የራሱ ጣጣም አለው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ ለኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አራት ነው። ጀማሪው «ገጹ የለም» ብሎ አዲስ ከመክፈቱ በፊት በሁሉም ፊደል ይፈልግ። ካገኘው ከሌላው አጻጻፍ ወደ ዋናው ገጽ የሚያደርስ ማስተላለፊያ ይሥራ፤ ለመጀመሪያ ሳምንት ከዚህ የተሻለ ሥራ አናውቅም። የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ነው። ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የተመዘገበው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ በኛ 1998 ዓ.ም. ነው። «እ.ኤ.አ.» የምትለዋ ከወደቀች ከተማዋ ስምንት ዓመት ዘግይታ ትመዘገባለች። የሂጅራው ሲጨመርበት ደግሞ ሦስት ሆነ።

ተናዶ የሚመጣም አለ። ስለ እስልምና የተጻፈ ያልወደደውን ነገር አይቶ ዛሬውኑ ሊሰርዘው ይፈልጋል። ቁጣውን አንንቅም፤ ከዚያ ግን አናስጀምረውም። በእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላን ሰው ሥራ የመለሰ ሊታገድ ይችላል፤ ትክክል የነበረ ሰውም ቢሆን። የገጹ የውይይት ክፍል ላይ ምንጩን ይዞ ይጻፍ። ዊኪፒዲያ ሌላውን ጸሐፊ በቅን ልቦና ገምት ይላል፤ እኛ ሑስኑ ዘን የምንለው ነው፤ ለኛ ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር።

የቀሩት አጫጭር ናቸው። ከመጽሐፍ፣ ከፌስቡክም ሆነ ከቴሌግራም ገልብጦ መለጠፍ ክልክል ነው። በሕይወት ስላለ ሰው ያለ ጠንካራ ምንጭ አንድ መስመርም አይጻፍ፤ ወሬ ነውና። ስለ ራሳችን ጀመዓ ገጽ እንክፈት የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይመጣል፤ በየዓመቱም አይሆንም እንላለን።

ከአንድ ወር በኋላ ከጀማሪው ጎን እንነሳለን። የሠራቸውን ለውጦች ዝርዝር አልፎ አልፎ ከፍተን እናያለን፤ ሥራው ከተሰረዘበት በዚያው ቀን እንደውልለታለን። እህቶችን የሚያስጀምሩት እህቶች ናቸው፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ለመጀመር የምትመጡ አካውንታችሁን ክፍል ውስጥ በየስልካችሁ ዳታ ከፍታችሁ ኑ። ዊኪፒዲያ በአንድ የኔትወርክ አድራሻ በቀን ከስድስት በላይ አዲስ አካውንት አያስከፍትም፤ ሁላችሁም በላይብረሪው ዋይፋይ ከሞከራችሁት ሰባተኛው ሰው ነገ ነው የሚጀምረው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።