የወላጆች አርአያነትና የልጆች እምነት፦ ተረትና እውነታ

የክርስቲያን ልጆችን አስተዳደግ በሚመለከት ሥር ከሰደዱት አስተሳሰቦች አንዱ፣ የልጅን እምነት የሚቀርጹት ካህናት፣ ሰባክያንና የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ናቸው፣ የወላጅ ድርሻም ልጁን አጥቦና አልብሶ ወደ እነርሱ ማድረስ ነው የሚለው ነው። ልጅ ከፍ ሲል የቤተሰቡን ቃል ትቶ የእኩዮቹን ብቻ ይሰማል የሚለውም ከዚሁ ጎን ይቆማል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ወላጅን ከተጠያቂነት በቀላሉ ያሳርፉታል። ክርስቲያን ስሚዝና ሜሊንዳ ዴንተን የተባሉ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆነ ከ3,000 በላይ አሜሪካውያንን አስጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙት መጽሐፍ ግን ከዚህ የተለየ ነገር ያሳያል፦ አብዛኞቹ በሃይማኖታቸው ወላጆቻቸውን ይመስላሉ፣ በቤተሰባቸው እምነት ላይ የሚያምፁትም ከሚታሰበው እጅግ ያነሱ ናቸው።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሰንበት ትምህርት ቤት ይቅርታን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ያስተምራል፤ ያው ይቅርታ ገንዘብ ሲጠፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ የቤት ሠራተኛ ስታጠፋ ምን እንደሚሆን ግን ልጁ የሚያየው በቤቱ ነው። አርአያነት የሚባለውም ይኸው ሲሆን፣ ለልጁ ታስቦ ከሚደረገው ይልቅ የልጁ መኖር ተረስቶ የሚደረገው የበለጠ ይታወሳል።

ከዚህ ተነሥተው «ኑሮ ከተስተካከለ ቃል አያስፈልግም» የሚሉ አሉ፤ ይህም ግማሽ እውነት ነው። ስሚዝና ኤሚ አዳምቺክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት መጽሐፍ፣ እምነትን በዘወትር ጨዋታ መካከል የሚያነሡ ወላጆች እምነታቸውን ለልጆቻቸው በማስተላለፍ ረገድ የተሻለ እንደሚሳካላቸው አመልክተዋል። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 6ም ትምህርቱን የሚያኖረው በቤት መቀመጥና በመንገድ መሄድ ውስጥ ነው። በውጭ አገር የተወለደ ልጅ እናቱ ስትሰግድና ስትጾም እያየ፣ ቅዳሴውንም በማያውቀው ቋንቋ እየሰማ አድጎ ለምን እንደሆነ የነገረው ሰው ከሌለ፣ የያዘው ልማዱን እንጂ ትርጉሙን አይደለም።

የልጆች ጸሎትና ጾም የእናት ጉዳይ ነው የሚለው እምነት ደግሞ በአባቶች ዘንድ በጣም የተወደደ ነው። እርግጥ ጢሞቴዎስ እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ እንደሆነ ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል፤ አባቱ ግሪካዊ ነበርና። ይሁን እንጂ ተመራማሪው ቬርን ቤንግትሰን እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ከ350 በላይ ቤተሰቦችን በየትውልዱ ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ ለእምነት መተላለፍ ከአባት ጋር ያለው ቅርበት ከእናት ጋር ካለው እንኳ የበለጠ ክብደት ነበረው፤ ለሃይማኖቱ የሚቀና ነገር ግን ከልጁ የራቀ አባት ቅንዓቱ ብቻውን አልጠቀመውም። ይህ «ጠበቅ ተደርጎ ያልተያዘ ልጅ ይጠፋል» የሚለውንም አስተሳሰብ ይነካል። ሥርዓትና ገደብ ይጠቅማሉ፤ ፍቅር የሌለበት ቁጣ ግን ልጁን ከአባቱ ሲያርቀው ከአባቱ እምነትም ያርቀዋል፣ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት አባቶችን ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው።

እነዚህ ጥናቶች በአሜሪካ የተደረጉ በመሆናቸው፣ የንስሐ አባት፣ የክርስትና አባትና እናት፣ ዘመድና ጎረቤት ልጅን በጋራ በሚያሳድጉበት አገር ላይ እንዳሉ ሊጫኑ አይገባም።

የመጨረሻው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል፤ የጠፋ ልጅ ሁሉ የወላጁ ጥፋት ምስክር ነው ይላል። «እናቷን አይተህ ልጅቱን አግባ» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ፍርድ ይሆናል፤ ልጅን በሚሄድበት መንገድ ምራው፣ ሲሸመግልም ከእርሱ ፈቀቅ አይልም የሚለው የመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 22 ቁጥር 6ም እንደማይታጠፍ ውል ይነበባል፣ ምንም እንኳ ምሳሌ የጥበብ መጽሐፍ ሆኖ በአብዛኛው የሚታየውን የሕይወት መንገድ የሚናገር ቢሆንም። ራሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውሉን አያውቀውም። ዔሊ ልጆቹን ባለመከልከሉ ቢወቀስም፣ ሳሙኤል ግን በንጽሕናው ሕዝብ መስክሮለት ሳለ ልጆቹ ጉቦ በልተዋል። ጻድቁ ንጉሥ ሕዝቅያስ ክፉውን ምናሴን ወለደ፤ የምናሴ ልጅ አሞንም በክፋት ሄደ፤ አሞን ተገድሎ በ8 ዓመቱ የነገሠው ኢዮስያስ ግን የይሁዳን አምልኮ አደሰ። ስለዚህ አርአያነት ከሌሎች ተጽዕኖዎች ሁሉ የበረታ ቢሆንም የልጁን ፈቃድ አይተካም፤ ልጁ ከእምነት የወጣበትን ወላጅ በዚያ ብቻ መዝኖ የሚኮንን ምእመንም ሆነ ሰባኪ የቅዱሳት መጻሕፍትም የጥናትም ድጋፍ የለውም።